ሐሰተኛ ፖሊስ ወንድሜን አስቁሞ ገንዘብ ወሰደበት፤ ቢያዝ ስንት ዓመት ይፈረድበታል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር ይነዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንድ ጥቁር መኪና ከኋላው ሰማያዊ መብራት አብርቶ አስቆመው። ሰውየው ጥቁር ቬስት ለብሷል። ወገቡ ላይ ባጅና ሽጉጥ አለ። መንጃ ፈቃዱን ከተቀበለው በኋላ ‹ወረቀትህ የት ደረሰ? ኢሚግሬሽን ልጥራልህ ወይስ እዚሁ እንጨርስ?› አለው። ኪሱ ውስጥ የነበረውን 380 ዶላር ሰጥቶት ተለቀቀ። በኋላ ቁጭ ብለን ስናስበው ሰውየው ፖሊስ አልመሰለንም። ወንድሜ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ሪፖርት ማድረግ ፈርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ቢያዝ ቅጣቱ ምንድን ነው? እኔ ደግሞ ሴኩሪቲ ሆኜ ነው የምሠራው። ባጅ ያለበት ዩኒፎርም ለብሼ ወደ ቤት ስለምሄድ እኔም እንዳልጠየቅ ሰጋሁ።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወንድምዎ በሰላም ቤቱ በመግባቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ገንዘቡን አውጥቶ በመስጠቱ ራሱን እንዳይወቅስ ይንገሩልኝ። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በሌሊት መስኮት ላይ ቆሞ «እንጨርስ» ሲል ማንም የሕግ ክርክር አያነሳም። ያደረገው ትክክል ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ መልሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም በጣም ይራራቃሉ። ሰውየው የሚከሰሰው «ፖሊስ ነኝ» በማለቱ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱም የመጀመሪያው ከሆነ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እስሩ ከ12 ወር አይበልጥም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። እኔም የሕግ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ሳነብበው ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ያንን ቬስት ለብሶ የሠራው ሥራ ለብቻው ሲከሰስ ቅጣቱ 10 ዓመት፣ 20 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጉዳዩ ወደ የትኛው እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው ወንድምዎ አስታውሶ የሚናገረው ዝርዝር ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎት ለዚሁ ነው።

ከመሠረታዊው ሕግ ልጀምር። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 18.2-174 ፖሊስ ሳይሆን «ፖሊስ ነኝ» ወይም «ሸሪፍ ነኝ» ያለን፣ የፖሊስን ሥልጣን እንዳለው ሆኖ የሠራን ሰው ይቀጣል። የአካባቢ ፖሊስም ሆነ የፌዴራል፣ ሕጉ ሁሉንም ያጠቃልላል። የመጀመሪያው ጥፋት አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ወንጀል) ነው። ይህም እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጫ ወይም ሁለቱም ማለት ነው። ሰውየው ተመሳሳይ ጥፋት ሲደግም ግን ወደ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ይሸጋገራል፤ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው የሚተዉ አይደሉም። ወንድምዎ ያያት ጥቁር መኪና ከዚያ በፊት ስንት ሾፌር እንዳስቆመች ማን ያውቃል?

ይህ ሕግ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ሰውየው ምንም ነገር እንዲወስድ አይጠይቅም። በ2009 አንድ ሰው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ላይ በፍጥነት ሲነዳ የፓርክ ፖሊስ አስቆመው። ቲኬቱን ለማምለጥ ብሎ «የፌርፋክስ ካውንቲ ምክትል ሸሪፍ ነኝ» አለ። ቀድሞ በዚያ ሥራ ላይ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልነበረም። ማንንም አላስቆመም፣ ከማንም ሳንቲም አልወሰደም። በዚሁ በ18.2-174 ተፈረደበት። «መዋሸት የመናገር ነጻነቴ ነው» ብሎ ይግባኝ አለ። ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አራተኛው ሰርኪዩት፣ ግን በ2012 በአብላጫ ድምፅ ቅጣቱን አጸናው። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በቂ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ይያዙልኝ፤ ስለ እርስዎ ዩኒፎርም ስናወራ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። በወንድምዎ ላይ የተፈጸመው ነገር ማስመሰል ብቻ አይደለም።

ሰውየው «ኢሚግሬሽን ልጥራልህ?» ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል። የቨርጂኒያ የማስፈራራት ዝርፊያ ሕግ፣ ቁጥር 18.2-59፣ ይህንኑ ነገር ስም ጠርቶ ጽፎታል። ሰውን «ያለ ሕጋዊ ወረቀት ነው የምትኖረው ብዬ አሳውቅብሃለሁ» ብሎ በማስፈራራት ገንዘብ መውሰድ አምስተኛ ደረጃ ፌሎኒ ነው። ከ1 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንደ ወንድምዎ ያሉ ሰዎችን በዓይነ ሕሊናቸው አይተው ነው የጻፉት። በጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም ቃል በላይ ክብደት ያለው ያ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ወንድምዎ ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ፣ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ያስፍር።

ሁለተኛ፣ ሽጉጡ አለ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ወንድምዎን ይጠይቁልኝ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነበር? ወይስ ሰውየው እጁን ጫነበት፣ ነካካው፣ አወጣው፣ አሳየው? ልዩነቱ የዓመታት ልዩነት ነው። በ2021 ሥራ ላይ በዋለው የቨርጂኒያ ማሻሻያ መሠረት ዘረፋ በደረጃ ተከፋፍሏል። መሣሪያን በማስፈራሪያነት በማሳየት የተፈጸመ ዘረፋ ሦስተኛ ደረጃ ፌሎኒ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። መሣሪያ ሳይታይ በዛቻ ብቻ የተፈጸመው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ከዚህ በተጨማሪ እንደ ዘረፋ ያለ ፌሎኒ ሲፈጽም ሽጉጥ የተጠቀመ ሰው ለብቻው 3 ዓመት ይጨመርበታል። ይህን 3 ዓመት ዳኛው መቀነስ አይችልም፤ ከሌላው ቅጣት ጋር ተደራርቦም አይታሰርም።

ሦስተኛው ጠለፋ ነው። በእኛ ቋንቋ ጠለፋ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚታሰበን። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ሰውን በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል ያለ ሕጋዊ ምክንያት ይዞ ማቆየት ጠለፋ ነው። «በማታለል» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ሐሰተኛ መብራትና ሐሰተኛ ባጅ ማታለል ነው። ቅጣቱ ከ1 እስከ 10 ዓመት ነው። ገንዘብ ለመቀበል ታስቦ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከ20 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ይህን ያልኩት ግን ተስፋ ለመስጠት አይደለም። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ለዘረፋው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሰውን ማቆምን እንደ ሌላ ወንጀል አይቆጥሩትም። ከመኪና አስወርዶ ሌላ ቦታ ከወሰደው፣ በካቴና ካሰረው፣ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም ይዞ ካቆየው ነው ይህ ክስ ጉልበት የሚያገኘው። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ ቆማችሁ? ከመኪና ወረድክ? ቁልፍህን ወሰደ?» ብለው ይጠይቁት።

አንድ ሰው በአእምሮዬ አለች። ከብዙ ጊዜ በፊት የአገራችን ሴት ወደ ቢሮዬ መጣች። «መርማሪ ነኝ» ያለ ሰው ቤቷ ገብቶ ፈትሾ ወርቋን ወስዶባት ነበር። ለማንም ሳትናገር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆይታለች። ስትመጣ ሰውየው ምን እንዳለ፣ ባጁ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ መሣሪያ ይኑረው አይኑረው ጠፍቶባታል። ቨርጂኒያ ውስጥ አብዛኛው ሚስዲሚነር ክስ በ1 ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ ይዘጋል። የማስመሰሉ ክስ በዚያው ቀረ። ፌሎኒ ግን በዚህ ስቴት የጊዜ ገደብ የለውም፤ በሩ ክፍት ነበር። ክፍት በር ግን ማስረጃ ከሌለው ምን ይሠራል? ያንን ቀን ሳስታውስ አሁንም ይቆጨኛል። የእርስዎ ወንድም ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።

ፌዴራል ሕግ ይመጣል ወይ? ይህም በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰውየው «ኢሚግሬሽን ልጥራልህ» ካለ ራሱን የኢሚግሬሽን ሠራተኛ አላደረገም። «ከኢሚግሬሽን ነኝ» ወይም «አይስ ነኝ» (የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ካለ ግን የፌዴራል ሕግ ክፍል 18 ቁጥር 912 ይከፈታል። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ መስሎ የሠራ ወይም በዚያ ስም ገንዘብ የጠየቀ ሰው እስከ 3 ዓመት ይታሰራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 913 ደግሞ የፌዴራል ሠራተኛ ነኝ ብሎ ሰው የያዘን ወይም የፈተሸን ይመለከታል፤ እሱም እስከ 3 ዓመት ነው።

ሦስት ዓመት ትንሽ መስሎ ከታየዎት በቅርብ፣ እዚሁ ዲሲ ኔቪ ያርድ፣ የሆነውን ልንገርዎ። በ2022 ሁለት ሰዎች ተያዙ። የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሰዎች ነን እያሉ በአንድ ትልቅ አፓርትመንት ሕንጻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የእውነተኛው ሴክሬት ሰርቪስ ባልደረቦች ሳይቀሩ አምነዋቸው ነጻ ቤትና ስጦታ ተቀብለዋል። በ2023 አንደኛው 33 ወር፣ ሌላኛው 68 ወር ተፈረደባቸው። የሁለተኛው የበዛው የባንክ ማጭበርበር ተጨምሮበት ነው። እዚህም ዓመቱን ያበዛው ባጁ ብቻ ሳይሆን አብሮት የመጣው ሌላ ወንጀል ነው።

ወንድምዎ ሾፌር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ዲሲ ገብቶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቢያደርስ፣ በአንድ ሌሊት በሦስት ሕግ ሥር ነው የሚነዳው። ዲሲ ሁለት ሕግ አለው። ለማጭበርበር ሐሳብ «የፖሊስ አባል ነኝ» ብሎ መዋሸት እስከ 180 ቀን ያሳስራል። ከዚያ አልፎ የፖሊስን ሥራ ለመሥራት መሞከር ግን ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው። ሜሪላንድም እንደ ዲሲ የማጭበርበር ሐሳብ መኖሩን ይፈልጋል። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ዘመድ ካለዎት ደግሞ ቴክሳስ ፈጽሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ መንግሥታዊ ሠራተኛ መስሎ ሰውን ለማዘዝ መሞከር በራሱ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ፌሎኒ ነው፤ ከ2 እስከ 10 ዓመት። ፍሎሪዳም ከፌሎኒ ይጀምራል። ማስመሰሉ ሌላ ከባድ ወንጀል ሲፈጸም የተደረገ ከሆነ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ ደግሞ አንደኛ ደረጃ ፌሎኒ ይሆናል። እኔን ከጠየቁኝ የፍሎሪዳ አካሄድ የተሻለ ነው። ሕጉ ዩኒፎርሙን ለምን እንደተጠቀመበት ይጠይቃል፤ ለመልሱም ዋጋ ይሰጣል።

የእሳት አደጋ ሠራተኛና የአምቡላንስ ባለሙያ መስሎ መቅረብስ? እርስዎ ባይጠይቁኝም ሰው የሚዘነጋው ይህን ስለሆነ ላንሳው። ቨርጂኒያ ለብቻው ሕግ አላት፤ ቁጥር 18.2-174.1። የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የእሳት አደጋ ኃላፊ ወይም የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ መስሎ ሰውን ለማሳመን የሞከረ ሰው ልክ እንደ ፖሊሱ ይቀጣል። የመጀመሪያው እስከ 12 ወር፣ ሁለተኛው እስከ 5 ዓመት። በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ከኦሪገን የመጡ ባልና ሚስት በጨረታ በተገዛ የእሳት አደጋ መኪና የተዘጋ የፓሊሴድስ ሰፈር ውስጥ ገብተው ተይዘዋል። ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። መንገዱ የሚከፈተው ለእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ቢጫ ጃኬት ማለት የሺህ ቤቶች ቁልፍ ማለት ነው። በሩን ለፖሊስ የማይከፍት ሰው እንኳ «ጋዝ እየፈሰሰ ነው፣ ከእሳት አደጋ ነን» ላለው ይከፍታል። ስለዚህ ይህ ሕግ ከፖሊሱ ያነሰ ነው ብዬ አላምንም።

የዩኒፎርም እምነት ሲሰበር ምን እንደሚሆን ዓለም በደም አይቶታል። በሐምሌ 2011 ኖርዌይ፣ ዩቶያ ደሴት ላይ ወጣቶች ወደ ገዳያቸው የቀረቡት ፖሊስ መስሏቸው ነው፤ እዚያ ብቻ 69 ሰው ሞተ። በሚያዝያ 2020 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ አንድ ሰው የፖሊስ መኪና አስመስሎ በሠራት መኪና እየተዘዋወረ 22 ሰው ገደለ። በሰኔ 2025 ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ፖሊስ መስሎ በሌሊት በር ያንኳኳ ሰው የምክር ቤት አባሏን ሜሊሳ ሆርትማንንና ባለቤቷን ገደለ፤ ሴናተር ጆን ሆፍማንንና ሚስቱን አቆሰለ። ፍለጋው ሲካሄድ ባለሥልጣናቱ ነዋሪውን «ለብቻው ለመጣ ፖሊስ በር አትክፈቱ፣ 911 ደውላችሁ አረጋግጡ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ፖሊሱ ራሱ «ፖሊስን አታምኑ» ሲል ያማል።

እኛ ደግሞ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ፍርሃት አለ። ሲቪል የለበሰ ሰው «ና ውጣ» ሲል ማን እንደሆነ መጠየቅ ራሱ እንደ ወንጀል ይታይ ነበር። ያ ልማድ እዚህም አብሮን ይነዳል። ወንድምዎ «ባጅህን አሳየኝ» ማለት አይችልም መስሎት ይሆናል። ይችላል። በቨርጂኒያ በትራፊክ ጉዳይ የሚያስቆም ፖሊስ ዩኒፎርም ካልለበሰ ባጁን ወይም ሌላ የሥልጣን ምልክት ማሳየት አለበት። ፖሊስ መንገድ ላይ ቅጣት በጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ቲኬት ይጽፋል፤ ቲኬቱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስምና ቀን አለ፤ ክፍያው ወደ ፍርድ ቤት ነው። ገንዘብ በእጁ የጠየቀ ሰው ወይ ፖሊስ አይደለም፣ ወይ ወንጀል የሚሠራ ፖሊስ ነው።

ይህ ሁለተኛው ነገር ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም። ሰውየው እውነተኛ ፖሊስ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ የማስመሰል ክስ የለም፤ ነገሩ ግን ይብሳል እንጂ አይቀልም። በሥልጣን ስም ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። የሰውን መብት በሥልጣን መጣስም ለብቻው ወንጀል ነው። ልዩነቱ ሪፖርቱ የት እንደሚሄድ ነው። እንዲህ ጥርጣሬ ካለ ለኤፍቢአይ ማመልከት ይቻላል። ወንድምዎ ግን መርማሪ አይደለም። ማን እንደነበር የማወቅ ግዴታ የለበትም። ያየውን ይናገር፤ ሌላውን እነሱ ይለዩት።

ለወደፊቱ ዳግመኛ እንዲህ ቢገጥመው መጀመሪያ የአደጋ መብራቱን ያብራ። ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ብርሃንና ሰው ወዳለበት ነዳጅ ማደያ በቀስታ ይንዳ፤ እየነዳም 911 ይደውል። «አንድ መኪና እያስቆመኝ ነው፣ የእናንተ ነው?» ይበል። እንግሊዝኛው ካስቸገረው «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «ሳልቆም ብነዳ ሸሸ ብለው ይከሱኛል» ብሎ ይፈራ ይሆናል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ከፖሊስ መሸሽ ወንጀል ነው። ነገር ግን የቨርጂኒያው ሕግ፣ ቁጥር 46.2-817፣ መከላከያ አስቀምጧል። ሾፌሩ የሚከተለው ፖሊስ አይደለም ብሎ በምክንያት አምኖ እንደነበር ካሳየ ነጻ ይወጣል። የ911 ጥሪው ቀረጻ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። መብራት አጥፍቶ ጋዝ መርገጥ ግን በጭራሽ አያድርግ። ያኔ ይህ መከላከያ ይዳከማል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት፣ ወደ ወረቀቱ። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሕግ አላት። ወንጀል ተፈጽሞብኛል ብሎ ለፖሊስ ያመለከተን ሰው ፖሊስ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ለምሳሌ አመልካቹ ራሱ በወንጀል ከተያዘ። ወንድምዎ ደግሞ ማመልከቻው በሂደት ላይ ያለ ሰው ነው፤ ተደብቆ አይደለም የሚኖረው። ቢሆንም ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ለጥገኝነት ጠበቃው አንድ ጊዜ ይደውል። ጊዜው ጥንቃቄ የሚፈልግ ስለሆነ፣ ይህን እርምጃ አይዝለል። ጠበቃው አብሮት ሊሄድም ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ ዩ ቪዛ የሚባል ተፈጥሯል። ከባድ ወንጀል ተፈጽሞባቸው ለመርማሪዎች ለተባበሩ ስደተኞች ነው። ፖሊስ መስሎ መቅረብ ብቻውን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በማስፈራራት ገንዘብ መውሰድና ሰውን ያለ ሕግ ይዞ ማቆየት ግን አሉ። አያችሁ፣ እዚህም ሕጉ የሚጠይቀው ባጁን ሳይሆን በባጁ የተደረገውን ነው። መሥሪያ ቤቱ «ተባብሯል» ብሎ መፈረም አለበት፤ ተበዳዩም ከባድ የአካል ወይም የመንፈስ ጉዳት እንደደረሰበት ማሳየት አለበት። በዓመት ለዋና አመልካቾች የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው የብዙ ዓመታት ነው። ወንድምዎ ይህን አገኛለሁ ብሎ እንዲሄድ አልመክርም። ሪፖርት ማድረግ በር የሚዘጋበት ሳይሆን አንዳንዴ በር የሚከፍትለት መሆኑን እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ሪፖርት ከማድረጉ በፊት የኡበሩን መተግበሪያ ይክፈት። የዚያ ሌሊት ጉዞዎች፣ ሰዓቱና ቦታው እዚያ ተመዝግበዋል። ስልኩ ላይ ያለው የካርታ ታሪክም አለ። ዳሽካም ካለው ቀረጻው እንዳይጠፋ ካርዱን ያውጣው። አጠገቡ ሱቅ ወይም ማደያ ከነበረ የካሜራቸው ቀረጻ ብዙ ጊዜ ስለማይቆይ ፖሊስ ቶሎ እንዲጠይቃቸው ይንገር። የመኪናው ዓይነት፣ የመብራቱ ቀለምና ቦታ፣ ቬስቱ ላይ የተጻፈው፣ የሰውየው አነጋገር፣ የትኛው እጁ ላይ ሰዓት እንደነበር ጭምር ይጻፍ። የማያስታውሰውን «አላስታውስም» ይበል። ለመርዳት ብሎ የፈጠረው አንድ ነገር ተከላካይ ጠበቃው እጅ ከገባ እውነተኛውን ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር ልበል፤ ወገኖቻችን ላይ ከመንገዱ ይልቅ የሚበዛው እሱ ነውና። «ከሸሪፍ ቢሮ ነው፣ የማዘዣ ወረቀት ወጥቶብሃል፣ በጊፍት ካርድ ክፈል» የሚል ጥሪ ሁሉ ሐሰት ነው። የትኛውም ፖሊስ ጊፍት ካርድ አይቀበልም። በ2018 ሂዩስተን ውስጥ የግብርና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሰዎች ነን እያሉ በእስርና በዲፖርት ሲያስፈራሩ የነበሩ 21 ሰዎች እስከ 20 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ስልኩን ዝጉት፤ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ቁጥር መሥሪያ ቤቱን ደውሉ።

የቀረው የእርስዎ ጉዳይ ነው። ዩኒፎርምዎን ለብሰው በአውቶቡስ ወደ ቤት መሄድ ፖሊስ መምሰል አይደለም፤ አይጨነቁ። በቨርጂኒያ የተመዘገበ ሴኩሪቲ ነዎት፤ ልብሱም የተፈቀደልዎ ነው። ሥልጣንዎ ግን እዚያው በሚጠብቁት ግቢ ያበቃል። የታጠቀ ሴኩሪቲ እንኳ ሰውን መያዝ የሚችለው ተቀጥሮ በሚጠብቀው ቦታ ላይ፣ ፊቱ ለተፈጸመ ወንጀል ነው። ዲሲ ውስጥ «ስፔሻል ፖሊስ» የሚባሉትም ሥልጣናቸው ከሚጠብቁት ሕንጻ ጋር የታሰረ ነው።

አደጋው የሚመጣው ከአፍ ነው። ያንን የፓርክዌይ ሾፌር ያስታውሱ። ቲኬት ሊጽፍ የቆመ ፖሊስ «ኦፊሰር ነሽ?» ብሎ ቢጠይቅዎት «ሴኩሪቲ ነኝ» ይበሉ፤ ቃሉን አያሳጥሩት። አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ «ፖሊስ ነኝ፣ ተቀመጡ» አይበሉ፤ ሰላም ለማውረድ ብለው እንኳ ቢሆን። መኪና ካለዎት ዳሽቦርዱ ላይ ሰማያዊ መብራት አያስቀምጡ። ከሥራ ሲወጡ ከላይ ተራ ጃኬት ይደርቡ፤ እኔ ለማውቃቸው ሴኩሪቲዎች ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው። ክስ እንኳ ቢመጣ፣ ዜግነት ከሌለዎት፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትዎ በፊት ውጤቱ በኢሚግሬሽን ጉዳይዎ ላይ ምን እንደሚሆን ተከላካይ ጠበቃዎ የመንገር ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ወስኗል።

ወንድምዎ ሪፖርቱን ካደረገ በኋላ የሪፖርት ቁጥሩን ተቀብሎ በእጁ ይያዝ። ከሰውየው ሌሎች ተበዳዮች አንዱ ነገ ሲያመለክት መርማሪው ሁለቱን የሚያገናኘው በዚያ ቁጥር ነው።